ጀልባ በሆዷ የምትይዝ መርከብ፦ ስለ ሚስትራል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የግብፅ ባሕር ኃይል በተነሣ ቁጥር ሁለት መርከቦች አብረው ይነሣሉ፤ ጋማል አብደል ናስር እና አንዋር ኤል ሳዳት። ሁለቱም ፈረንሳይ የነደፈችው የሚስትራል ዓይነት ጦር አውራጅ መርከቦች ናቸው። ስለ እነርሱ ከወዳጆቼ የምሰማው ግማሹ ግነት፣ ግማሹ ንቀት ነው። ሁለቱም ያሳስቡኛል። ከባሕር በር ርቆ ስለ ባሕር አብዝቶ የሚያስብ ሕዝብ በአካባቢው የሚመላለሰውን መርከብ በልኩ ሊያውቀው ይገባል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

“አውሮፕላን ተሸካሚ ናት”

ስህተቱ የሚመጣው ከፎቶግራፉ ነው። ርዝመቷ 199 ሜትር፣ ስፋቷ 32 ሜትር ነው። የላይኛው ወለሏ ከዳር እስከ ዳር ጠፍጣፋ ሲሆን የማዘዣ ግንቧ ወደ ቀኝ ጠርዝ ተገፍቷል። ይህን ያየ ሰው ተዋጊ ጀቶች ሲነሡባት ቢታየው አይፈረድበትም። ነገር ግን ወለሉ ላይ ጀት አስፈንጥሮ የሚያስነሣ መሣሪያ የለም፤ ሲያርፍ ይዞ የሚያቆመው ገመድም፣ አፍንጫዋ ላይ ወደ ላይ የተቀለበሰ መንደርደሪያም የለም። ያለው ስድስት የሄሊኮፕተር ማረፊያ ነው፤ ከሥሩ ባለው አዳራሽም እስከ 16 ሄሊኮፕተሮች ይጠለላሉ። ሙሉ ጭነቷን ይዛ ክብደቷ 21 ሺህ ቶን ገደማ ነው። እውነተኛዋ የፈረንሳይ አውሮፕላን ተሸካሚ ሻርል ደ ጎል የዚህን እጥፍ ታህላለች።

ግራ መጋባቱን ያባባሱት አሜሪካውያን ናቸው። የእነርሱ ትልልቅ ጦር አውራጅ መርከቦች ከ40 ሺህ ቶን በላይ ይመዝናሉ፤ በአጭር ርቀት ተንደርድሮ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ የሚያርፈውን ኤፍ-35ቢ ተዋጊ ጀትም ያስተናግዳሉ። የመርከቦቹ የወል ስም አንድ ስለሆነ ብቻ የአንዱን አቅም ለሌላው መስጠት ስህተት ነው።

“ዳርቻው ላይ ወጥታ አፏን ከፍታ ጦር ታወርዳለች”

ይህ የአሮጌዎቹ መርከቦች አሠራር ነው። የቀድሞው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የነበሩት ፖልኖችኒ የተባሉት መርከቦች በእርግጥ እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ አፍንጫቸውን አሸዋው ላይ አሳርፈው የፊት በራቸውን ይከፍታሉ። ምናልባት ያ ትዝታ ይሆናል በአእምሯችን የቀረው። 199 ሜትር የሚረዝም መርከብ ግን ዳርቻ ላይ ቢወጣ ለጠላት መድፍ የቆመ ዒላማ ይሆናል፤ መልሶ መውጣቱም አያስተማምንም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ የሚስትራል ሆድ ነው። የኋላ ክፍሏ ውስጥ 885 ካሬ ሜትር የሆነ ገንዳ አለ፤ ጀልባዎቹ ደርቆ በቆመው በዚህ ገንዳ ውስጥ ተደርድረው ይጓዛሉ። ጦር የማውረጃው ሰዓት ሲደርስ መርከቧ ገና ከዳርቻው ርቃ ሳለች የማመዛዘኛ ታንኮቿን በባሕር ውኃ ትሞላለች። ክብደቱ የኋላ ክፍሏን ቀስ እያለ ወደ ታች ይጫነዋል። የኋላው ታላቅ በር ሲከፈት ባሕሩ ራሱ ገንዳው ውስጥ ይገባና ጀልባዎቹን ከወለሉ ያነሣቸዋል። ታንክ፣ የጭነት መኪና እና ወታደር የያዙ አራት ጀልባዎች ተራ በተራ ወደ ኋላ እየወጡ ወደ የብስ ያመራሉ። ሲያበቃ ፓምፖቹ ውኃውን መልሰው ይተፉታል፤ መርከቧም ወደ ቀድሞ ቁመናዋ ትመለሳለች። ሆን ብሎ ራሱን በልኩ የሚያሰጥም መርከብ ማለት ነው። ባሕሩ ሲናወጥ ይህ ሥራ አስቸጋሪ ይሆናል፤ ማዕበል ገንዳው ውስጥ ሲገባ ጀልባዎቹን ከግድግዳው ጋር ያጋጫል።

አሜሪካውያን በቅርብ ጊዜ የሠሯቸው አሜሪካ እና ትሪፖሊ የተባሉት መርከቦች ለአውሮፕላን ቦታ ለማስፋት ሲባል ይህ ገንዳ ቀርቶባቸው ነበር። ከእነርሱ በኋላ በተሠራችው ቡገንቪል ግን ገንዳው እንዲመለስ ተደርጓል።

“የጦር መርከብ ስለሆነች ሁሉ ነገሯ የጦር ነው”

ሚስትራል በከፊል የተገነባችው በንግድ መርከቦች የግንባታ ደረጃ ነው፤ ዋጋዋ የቀነሰውም በዚህ ምክንያት ነው። የመጀመሪያዋ መርከብ የፊት ግማሽ የተሠራው የመንገደኛ መርከቦች በሚገነቡበት በሴን ናዜር ሲሆን፣ የኋላው በሌላው የፈረንሳይ ወደብ በብሬስት ተሠርቷል። በ2004 የፊቱ ግማሽ በባሕር ተጎትቶ ብሬስት ደረሰና ሁለቱ ተበየዱ። የምትንቀሳቀስበትም መንገድ ከመዝናኛ መርከቦች የተወሰደ ነው። የናፍጣ ጄኔሬተሮች ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ፤ ኤሌክትሪኩም ከመርከቧ ሥር የተንጠለጠሉ፣ ዙሪያቸውን መዞር የሚችሉ ሁለት ሞተሮችን ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ የኋላ መሪ አያስፈልጋትም፤ ጠባብ ወደብ ውስጥ ባለችበት ትዞራለች። ፍጥነቷ ግን በሰዓት ከ35 ኪሎ ሜትር ብዙም አይዘልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ 160 ገደማ መርከበኞች ብቻ ያንቀሳቅሷታል። የሚጓዘው ጦር እስከ 450 ሰው ነው፤ ለአጭር ጉዞ ከዚህም በላይ ትይዛለች።

“የግብፅ መርከቦች የሩሲያ ሥሪት ናቸው”

ግማሽ እውነት ስላለው ነው ይህ ወሬ የማይሞተው። በ2011 ሩሲያ ሁለት መርከቦችን በ1.2 ቢሊዮን ዩሮ አዘዘች፤ ስማቸውም ቭላዲቮስቶክ እና ሴባስቶፖል ተባለ። የኋላ ክፍሎቻቸው በሴንት ፒተርስበርግ ተሠርተው ወደ ሴን ናዜር ተጎተቱ። ቀፏቸው የሰሜኑን በረዶ እንዲቋቋም ተጠናክሮ ነበር። ሩሲያውያን መርከበኞችም ሥልጠና ለመውሰድ ፈረንሳይ ገቡ። ከክራይሚያው ወረራ በኋላ ግን የያኔው የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኦላንድ ርክክቡን አገዱ፤ በነሐሴ 2015 ውሉ ፈረሰ፤ ፈረንሳይም ወደ 950 ሚሊዮን ዩሮ መለሰች።

ከሁለት ወር በኋላ ግብፅ ፈረመች። ጋማል አብደል ናስር በሰኔ 2016፣ አንዋር ኤል ሳዳት በዚያው ዓመት መስከረም ተረከቡ። ስለዚህ ሻጯ ፈረንሳይ ናት፤ ሩሲያ ገዢ ልትሆን የነበረች እና የኋላውን ብረት የሠራች አገር ናት። ለበረዶ የተዘጋጀ ቀፎ ሜዲትራኒያን እና ቀይ ባሕር ላይ መዋሉ በጣም ያስገርመኛል።

“ከጦርነት ሌላ ጥቅም የላትም”

በሐምሌ 2006፣ አገልግሎት በጀመረች በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ሚስትራል የተባለችው የመጀመሪያዋ መርከብ ከተደበደበችው ቤይሩት ሰዎችን አሳፍራ ወደ ቆጵሮስ አሻግራለች። እህቷ ቶኔር በመጋቢት 2020 የኮሮና ሕሙማንን ከኮርሲካ ወደ ማርሴይ አደረሰች፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ደግሞ ከወደቡ ፍንዳታ በኋላ እርዳታ ጭና ቤይሩት ገባች። ሦስተኛዋ ዲክስሙድ በ2023 መጨረሻ በግብፅ ኤል አሪሽ ወደብ ቆማ የጋዛ ቁስለኞችን አክማለች። በውስጧ 69 አልጋዎች እና ሁለት የቀዶ ሕክምና ክፍሎች አሏት።

ይህን ስል ጦርነቱን ልሸፍን አይደለም። በ2011 ሊቢያን የደበደቡት የፈረንሳይ ሄሊኮፕተሮች በሌሊት የተነሡት ከዚያችው ከቶኔር ወለል ነበር።

“ብቻዋን አገር ታንበረክካለች”

በፈረንሳይ ባሕር ኃይል ውስጥ የራሷ መሣሪያ መትረየስ፣ ቀላል መድፍ እና አጭር ርቀት የሚሄድ ፀረ አውሮፕላን ሚሳይል ነው። ሚሳይሉም ሚስትራል ይባላል፤ በደቡብ ፈረንሳይ ለሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ የወጣ ስም ነው፤ ብዙ ሰው ሁለቱን የሚያምታታውም ለዚህ ነው። ፍሪጌት የተባለው ተዋጊ መርከብ ሳያጅባት ወደ ጦር ቀጣና መላክ ትልቅ ድፍረት ነው። ኃይሏ በላይዋ የጫነችው ነው፤ ሄሊኮፕተሩ፣ ታንኩ፣ እግረኛው እና ይህን ሁሉ የሚመራው ሰፊ የማዘዣ ክፍሏ።

ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ስለ ሕዳሴ ግድብ ነው። ካርታውን ዘርግቶ መለካት ይበቃል። ለጉባ በጣም ከሚቀርበው የቀይ ባሕር ዳርቻ እንኳ እስከ ግድቡ በአየር መስመር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የጦር ሄሊኮፕተር መሣሪያ ተሸክሞ ሄዶ የሚመለስበት ርቀት ከዚህ በእጅጉ ያጥራል፤ በመሐልም የሌላ አገር ሰማይ አለ። የእነዚህ መርከቦች ትርጉም ያለው ከጉባ ይልቅ ባሕሩ ላይ ነው። ግብፅ በጥር 2017 ሳፋጋ ላይ የደቡብ መርከብ ክፍሏን ስታቋቁም ዓይኗ የነበረው ቀይ ባሕር እና ባብ ኤል መንደብ ላይ ነው፤ የእኛ ገቢና ወጪ ዕቃ በጅቡቲ በኩል የሚያልፍበት ውኃም ያው ነው።