ክፍት ዲፈረንሻል ምንድን ነው? «የፊቱ ሞቷል» ከመባሉ በፊት

ክረምት በገባ ቁጥር በፎገራ ሜዳና በጣና ዳርቻ ቀበሌዎች ጥቁር አፈር ተይዘው የወጡ ፎር ዊል መኪኖች ወደ ባሕር ዳር ጋራዦች ሲመጡ፣ አንድ ፍርድ አብሯቸው ይመጣል፤ «የፊት ዲፈረንሻሉ ሞቷል፣ አንዱ ጎማ ብቻ ነው የሚዞረው» የሚል። ዲፈረንሻል በአክሰሉ (ግራና ቀኝ ጎማዎችን በሚያገናኘው ክፍል) መካከል ሆኖ ከሞተር የሚመጣውን ኃይል ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍል የጥርሶች ስብስብ ነው፤ «ክፍት» የሚባለው ሁለቱን ጎማዎች አንድ ላይ የሚያስር መቆለፊያ (ሎክ) የሌለው ነው። ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው። በስሕተቱ ምክንያት ጤነኛ ዲፈረንሻል ይፈታል፣ በፋብሪካ የተስተካከለው የጥርሶቹ ክፍተት ይዛባል፣ ቀድሞ ያልነበረ ጩኸትም ከዚያ በኋላ ይጀምራል። ክፍት ዲፈረንሻል ባለው አክሰል ላይ አንዱ ጎማ ጭቃ ውስጥ ብቻውን መሽከርከሩ ብልሽት ሳይሆን የዲፈረንሻሉ ተፈጥሯዊ ጠባይ ነው።

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «ዲፈረንሻል ኃይሉን ሁሉ ለሚንሸራተተው ጎማ ይሰጣል፣ መሬት የያዘው ጎማ ምንም አይደርሰውም» ብለው በሰፊው ሲያስረዱ አነበብሁ። ይህ አባባል በየቦታው ስለሚደጋገም እውነት መስሏል። ክፍት ዲፈረንሻል ለሁለቱም ጎማዎች የሚያደርሰው የመዞር ኃይል ሁልጊዜ እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ የሚለያየው ፍጥነታቸው ነው። ጭቃ ውስጥ የገባው ጎማ ሳይንሸራተት ሊሸከም የሚችለው ለምሳሌ 100 ኒውተን ሜትር ብቻ ከሆነ፣ ደረቅ መሬት የረገጠው ጎማም ከ100 ኒውተን ሜትር እምብዛም የበለጠ አያገኝም። መኪናው የሚቆመው የሁለቱ ድምር ስለማይበቃው ነው። አስተያየት ሰጪው የተናገሩት ስለ ፍጥነት ቢሆን ኖሮ ልክ ነበሩ፤ እሳቸው ግን ፍጥነትንና የመዞር ኃይልን አንድ አድርገዋቸዋል።

ነገሩን በጥማድ በሬ ማየት ይቻላል። ቀንበሩ በመካከሉ ከሞፈሩ ጋር በምራን የታሰረ ስለሆነ፣ በሬዎቹ በማሳው ጫፍ ሲዞሩ የውጪው በሬ ብዙ ይራመዳል፣ የውስጡ ጥቂት፤ ሞፈሩ በሁለቱ አማካይ ይጓዛል። ዲፈረንሻልም መኪናው ሲታጠፍ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አንደኛው በሬ ረግረግ ገብቶ እግሩ ቢከዳው ግን ብርቱው በሬ የሚወስደው በእርሱ በኩል ያለውን የቀንበር ጫፍ ነው እንጂ ሞፈሩን አይደለም፤ ቀንበሩ ደግፎ የሚይዘው ሁለተኛ ጉተታ አጥቷልና። በእርግጥ በቀንበሩ ኃይሉ ከጫፎቹ ወደ መካከል ይመጣል፣ በመኪናው ከመካከል ወደ ጫፎቹ ይሄዳል፤ ቀንበር ጥቂት ዘወር ብሎ ይቆማል፣ ዲፈረንሻል ግን ያለ ገደብ ይዞራል። የኃይሉ ሚዛን ግን በሁለቱም ያው ነው። ቀንበሩን ከሞፈሩ ጋር ፈጽሞ እንዳይዞር በብረት ቢያስሩት ብርቱው በሬ ብቻውን ሊጎትት ይችላል፣ ማሳው ጫፍ ላይ መታጠፍ ግን መከራ ይሆናል። የዲፈረንሻል ሎክ ጥቅሙም ጉዳቱም ይኸው ነው፤ ስለዚህ የፊቱ ሎክ እንደገባ መሪ ማዞር አይገባም።

ፎር ዊል ማስገባትም ይህን ጠባይ አይለውጠውም። በተለመደው የፎር ዊል ሥርዓት ማንሻው የፊቱንና የኋላውን ዘንግ ያስተሳስራል፤ በእያንዳንዱ አክሰል ላይ ያሉትን ግራና ቀኝ ጎማዎች ግን አያስተሳስርም። ስለሆነም ሎክ የሌለው ፎር ዊል መኪና ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ጎማ ከተንሸራተተበት ምንም ሳይሰበር ሊቆም ይችላል።

ታዲያ የፊቱ አክሰል በእውነት መሥራቱ የሚታወቀው እንዴት ነው? መኪናው በጠንካራና ሜዳማ ቦታ ቆሞ፣ የኋላ ጎማዎቹ ታግደው፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሁለቱም የፊት ጎማዎች በክሪክ ተነሥተው በአስተማማኝ መደገፊያ ላይ ይቀመጣሉ። ጎማው መሐል ላይ ጎማውን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዝ፣ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ ካለው ሁለቱም «ሎክ» ላይ መሆናቸው ይረጋገጣል፤ «ፍሪ» ላይ ተረስቶ ስንት ጤነኛ አክሰል እንደተፈታ ማሰብ ያሳዝናል። ከዚያ ፎር ዊል ገብቶ አንዱ የፊት ጎማ በእጅ ይዞራል። የኋላዎቹ መሬት ላይ በመሆናቸው ወደ ፊት የሚመጣው ዘንግ ተይዟል፤ ስለዚህ ሌላኛው ጎማ በተቃራኒው አቅጣጫ መዞር አለበት። ከዞረ ከጎማ እስከ ጎማ ያለው መስመር አልተቆረጠም። ሌላኛው ቆሞ የተዞረው ብቻ በነፃ የሚሽከረከር ከሆነ መቆለፊያው፣ የጎማው ዘንግ ወይም መጋጠሚያው ተለያይቷል። ጎማው ሲዞር ወደ ፊት የሚመጣው ዘንግ አብሮ ከዞረ ደግሞ ፎር ዊሉ አልገባም ማለት ነውና ችግሩ የሚፈለገው ከዲፈረንሻሉ ውጪ ነው።

ፈተናው የማያገለግልበት ጊዜም አለ። የፊቱን አክሰል በቫኪዩም (በአየር መምጠጥ) ወይም በኤሌክትሪክ የሚያያይዙ ሞዴሎች ሞተር ጠፍቶ ላይያያዙ ይችላሉ። አንዳንድ ባለ አራት ጎማ ሞተር ብስክሌቶችም የፊት ጎማቸው ኃይል የሚያገኘው የኋላዎቹ ሲንሸራተቱ ብቻ ስለሆነ፣ አንሥቶ በእጅ ማዞር ያሳስታል።

ድምፆቹን በተመለከተ፣ መሪ ሙሉ በሙሉ ተጠምዝዞ ሲነዳ በተከታታይ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ በአብዛኛው የጎማው ዘንግ የውጪ (በጎማው በኩል ያለው) መጋጠሚያ ነው፤ መኪናው ከቆመበት ሲነሣ አንዴ ጓ ማለት ክሮቸራን (የዘንጉን መስቀልኛ መጋጠሚያ) ያስጠረጥራል፤ ከፍጥነት ጋር የሚያድግ ጉርምርምታ ኩሽኔታን ወይም የዲፈረንሻሉን ጥርሶች። ከወረታ መልስ አስፋልት ላይ ፎር ዊል ሳይወጣ ሲታጠፉ መሪው መክበዱና መኪናው መያዙ ግን ብልሽት አይደለም፤ በመታጠፊያ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ ርቀት ስለሚሄዱ፣ የተሳሰሩት ዘንጎች እርስ በርስ ይተናነቃሉ።

ጉማራን ወይም ርብን በጎርፍ ጊዜ ያቋረጠ መኪና ደግሞ ድምፅ ባይኖረውም ዘይቱ ይታይ። የጋለ አክሰል ቀዝቃዛ ውኃ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይሰበሰባል፤ የመተንፈሻው ቱቦ በጭቃ ከተደፈነ ውኃው ዘይቱ እንዳይወጣ በሚይዙት ጎሚኒዎች በኩል ይሳባል። የፈሰሰው ዘይት ነጣ ብሎ ከደፈረሰ ውኃ ገብቶበታል፤ ዘይቱ ይቀየር፣ ቱቦውም ተጠርጎ ጫፉ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ይታሰር።