ካሜራው ተሰቅሏል፤ ይቀዳል ወይ?

ለገሃር መብራት ላይ ቆሜያለሁ። ከቸርችል ጎዳና የወረደ ሚኒባስ በቀኜ ሊሾልክ ሲል የላንድክሩዘሬን በር ፋቀው። ረዳቱ ዘሎ ወረደና «ጋሼ፣ አንተ ነህ የገባህብን!» አለ። እኔ አልተጨቃጨቅኩም። ደረቴን ነፍቼ «ካሜራ አለኝ» አልኩት።

ካሜራውን ስከፍተው የመጨረሻው ቪዲዮ ከሦስት ሳምንት በፊት የተቀዳ ነው። ባሌ፣ ሳነቲ ላይ፣ አንድ ቀይ ቀበሮ መንገድ ሲያቋርጥ። ቆንጆ ቪዲዮ ነው። ለትራፊክ ፖሊስ ግን ምን ይሠራለታል? ሦስት ሳምንት ሙሉ መስታወቴ ላይ ተሰቅሎ የከረመው ጌጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ ዳሽ ካም የሚወራውን ሁሉ መጠርጠር ጀመርኩ። ዳሽ ካም ማለት የፊት መስታወት ላይ ተለጥፎ መንገዱን ያለማቋረጥ የሚቀዳ ትንሽ ካሜራ ነው። የሚሰጠው ምክር አብዛኛው ከአስፋልት ለማትወርድ መኪና ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ፒያሳና ካዛንቺስ ውላ ቅዳሜ ፒስታ ለምትወጣ መኪና ግማሹ አይሆንም፤ አንዳንዱ ጭራሽ ይጎዳል። የሰማኋቸውን አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

«የንዝረት ሴንሰሩን ከፍ ማድረግ ነው የሚሻለው»

እኔን ያዋረደኝ ይሄ ነው። ካሜራው ውስጥ ጂ-ሴንሰር የሚባል ነገር አለ። ግጭት ወይም ድንገተኛ ፍሬን ሲሰማው የዚያን ደቂቃ ቪዲዮ ይቆልፈዋል። ያልተቆለፈው ቪዲዮ ሜሞሪው ሲሞላ ከአሮጌው ጀምሮ እየተሰረዘ በአዲስ ይተካል። የተቆለፈው ግን አይነካም። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ የግጭቱ ማስረጃ እንዳይጠፋ ነው።

ችግሩ ሴንሰሩ ግጭትንና ጉድጓድን አይለይም። ከጎባ ወደ ሳነቲ ስንወጣ መኪናዋ በዘለለች ቁጥር የኔ ካሜራ «ተጋጨን» እያለ ሲቆልፍ ውሏል። በመጨረሻ ሜሞሪው በተቆለፈ ፋይል ጢም አለ። የሚሰርዘው ሲያጣ መቅዳቱን አቆመ። የሚገርመው መብራቱ እንደበራ ነው። እኔም መብራቱን እያየሁ ተማምኜ ስነዳ ከረምኩ።

ለተቆለፈ ፋይል የተወሰነ ቦታ መድበው ከዚያ በላይ ሲሆን የራሱን አሮጌ የሚሰርዙ ካሜራዎች አሉ። የማይሰርዙም ሞልተዋል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ አትውጡ። ከከተማ ስትወጡ ሴንሰሩን አጥፉት፤ ከተማ ውስጥ ዝቅተኛው ላይ አድርጉት። ጠንካራ ባሌስትራ ላላት መኪና የሰፈር ፍጥነት መቀነሻ ብቻውን «ግጭት» ነውና። የሚያስፈልግ ነገር ካያችሁ በእጅ የሚቆልፍ ቁልፍ አለው፤ ያንን ተጫኑ። ከጉዞ ስትመለሱ የምትፈልጉትን ገልብጡና ሜሞሪውን እዚያው ካሜራው ላይ ፎርማት አድርጉት። ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ካሜራው ላይ፤ ካሜራው በሚፈልገው መንገድ ያዘጋጀዋል።

«4ኬ ከሆነ የማንም ታርጋ ይነበባል»

4ኬ ማለት ብዙ ነጥብ ያለው ጥርት ያለ ምስል ነው። ቀን፣ ቆማችሁ፣ ፊት ለፊታችሁ ላለው፣ አዎ። ማታ ግን ሌላ ነው። ብርሃን ሲያንስ ካሜራው እያንዳንዱን ምስል ለመያዝ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል። በዚያች ቅጽበት መኪናው ይንቀሳቀሳል፣ የእናንተም መኪና ይነቀነቃል፤ ታርጋው ጭስ ይሆናል። በዚያ ላይ የራሳችሁ ረጅም መብራት ታርጋው ላይ ሲያርፍ ነጭ ሰሌዳ ብቻ ነው የሚታየው። ቁጥሩን 4ኬ አያመጣውም። ማታውን የሚለየው የሌንሱና ምስሉን የሚይዘው ሴንሰር (የንዝረቱ አይደለም) ጥራት ነው። አንዳንድ ርካሽ ካሜራ ደግሞ ካርቶኑ ላይ 4ኬ ይላል እንጂ ትንሹን ምስል ለጥጦ ነው የሚያተልቀው። ስትገዙ ካርቶኑን ተዉት፤ የዚያው ሞዴል የማታ ቪዲዮ አሳዩኝ በሉ።

አንድ በነፃ የሚገኝ ዘዴ ልጨምር። የሚያጠራጥር ነገር ካያችሁ ታርጋውን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ካሜራው ድምፅም ይቀዳል። (ስለዚህ አብሯችሁ ለሚሳፈር ሰው ንገሩት። የቤተሰብ ሚስጥር ሲወራም አስታውሱት።)

«ሜሞሪ ያው ሜሞሪ ነው»

አይደለም። የስልክ ሜሞሪ አልፎ አልፎ ነው የሚጻፍበት። የዳሽ ካም ሜሞሪ መኪናው ከተነሳ እስኪቆም እየተጻፈ፣ እየተሰረዘ፣ ደግሞ እየተጻፈበት ነው። ተራው ቶሎ ያልቃል። ለእንዲህ ያለ ሥራ ተብሎ የሚሠራ፣ ላዩ ላይ ብዙ ሰዓት መቅዳት እንደሚችል የተጻፈበት ዓይነት አለ፤ እሱን ግዙ። መጠኑንም አስቡበት። 64 ጊጋባይት በተለመደው ሙሉ ኤችዲ ወደ 10 ሰዓት ይይዛል። በከባድ 4ኬ ግን ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ጠዋት ከአዲስ አበባ የወጣ ሰው ማታ ሲደርስ የጠዋቱ ቪዲዮ የለም ማለት ነው። ገበያው ላይ ደግሞ 256 ተብሎ የተጻፈበት፣ ውስጡ ግን 16 ወይም 32 የሆነ ይሸጣል። ከመስቀላችሁ በፊት ኮምፒውተር ላይ እስከ ጫፉ ሞልታችሁ ፈትሹት።

«መምጠጫው ጎማ ይበቃል»

ይሄን ሳስብ ሁሌም ፈገግ እላለሁ። ካሜራውን መስታወቱ ላይ የሚይዘው መምጠጫ ጎማ መስታወቱን አይስብም። ከውጭ ያለው አየር ነው ጎማውን መስታወቱ ላይ ተጭኖ የሚይዘው። አዲስ አበባ ደግሞ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ አካባቢ ነው። ሳነቲ 4,000 ሜትር ላይ ስትደርሱ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ሌላ አገር ቆላ ላይ ተፈትኖ የመጣ ጎማ እኛ ጋ ሲደርስ አንድ አራተኛ ጉልበቱን አጥቷል። ኮሮኮንቹ ሲጨመርበት የሚሆነውን ገምቱ። የኔ የመጀመሪያው ካሜራ ጉልበቴ ላይ ነው የወደቀው፤ ቁልቁለት ላይ ነበርኩ።

የሚሻለው ሁለት ገጹ የሚያጣብቀው ወፍራም ቴፕ ነው። እሱም ግን ሥርዓት አለው። መስታወቱን በአልኮል ጥረጉና ይድረቅ። ለጥፋችሁ አጥብቃችሁ ተጫኑ። ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው በ72 ሰዓት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ግማሹ ብቻ ነው ያለው። ዓርብ ማታ አስለጥፎ ቅዳሜ ጠዋት ፒስታ መግባት የለም። በኅዳር የጠዋት ብርድም አትለጥፉ። መኪናው ፀሐይ ላይ ትንሽ ይቁምና መስታወቱ ለብ ይበል።

ቅርጹም ወሳኝ ነው። ረጅም ክንድ ላይ የሚንጠለጠል፣ ትልቅ ስክሪን ያለው ካሜራ ሲነቀነቅ ይውልና ቀስ በቀስ አንገቱን ይደፋል። ከዚያ መንገዱን ትቶ ኮፈኑን ይቀዳል። መስታወቱ ላይ ድፍት ብሎ የሚለጠፍ ትንሽ ካሜራ ይሻላል። ግን ተጠንቀቁ፦ እነዚህ የሚሠሩት መስታወቱ ጋደል ላለ መኪና ነው። እንደ ላንድክሩዘር 70 ያለው ቀጥ ያለ መስታወት ላይ ሌንሱ በቂ የማይዞር ከሆነ ወይ ሰማይ ያያል ወይ ኮፈን። ሳትለጥፉ በእጃችሁ ይዛችሁ ስክሪኑን እዩ። ቦታው ደግሞ ከኋላ ማሳያው መስታወት ጀርባ ሆኖ መጥረጊያው የሚደርስበት ይሁን። በክረምት መጥረጊያው የማይነካው ጥግ ላይ የተለጠፈ ካሜራ ከሰኔ እስከ መስከረም ጠብታ ሲቀዳ ይከርማል።

«አዲስ አበባ ስለማይሞቅ የባትሪው ዓይነት ለውጥ የለውም»

አየሩ አይሞቅም። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ያለው የመስታወት ሥር ግን ይጋገራል። በዚያ ላይ መኪናዋ አዋሽን አልፋ አፋር ትገባለች። ሊቲየም ባትሪ በሙቀት ይነፋል፤ የካሜራውን ገላ ገፍቶ ይከፍተዋል። በባትሪ ፋንታ ሱፐር ካፓሲተር ያለው ግዙ። እሱ መብራት ሲቋረጥ የመጨረሻውን ፋይል ለመዝጋት ያህል ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ሌላ ሥራም የለው።

«ዋይፋይ ስላለው ዳታ ይበላል»

አይበላም። ዋይፋዩን የሚፈጥረው ራሱ ካሜራው ነው፤ ስልካችሁ ቪዲዮውን እንዲያይ ብቻ። ጂፒኤሱም ኢንተርኔት አይፈልግም። ሲም ካርድ የሚፈልጉት መኪናውን ከሩቅ የሚያሳዩት ናቸው።

«ሁለት ባትሪ ካላት 24 ቮልት ናት»

ሶማሌ ተራ አንድ ልጅ ካሜራውን ከመኪናዋ መብራት ሊያገናኝልኝ ኮፈኔን ከፍቶ «ጋሼ አታስብ፣ 24 ናት» ብሎኝ ሽቦ ሊቆርጥ ነበር። ሁለት ባትሪ በሁለት መንገድ ይያያዛል። ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ከሆነ ያው 12 ቮልት ነው፤ የሚያድገው አቅሙ ነው። የአንዱ ፖዘቲቭ ወደ ሌላው ኔጌቲቭ ከሄደ 24 ይሆናል። ላንድክሩዘር ሁለቱም ዓይነት አለው። በዓይን አይገመትም። ፊውዝ ሳጥኑ ላይ ቴስተር ይደረግ። የኔ 12 ነበረች።

ሲጋራ መለኮሻው ላይ ሰክቶ መተውም ለኮሮኮንች አይሆንም። ሶኬቱ በንዝረት ይላላል፣ ካሜራው ይጠፋል፣ ይበራል፣ ይጠፋል። ከፊውዝ ሳጥን በራሱ ፊውዝ መሳብ ነው። የኤርባግ ፊውዝ ላይ ግን እንዳይነካካ። ከፊት መስታወቱ ጎን ባለው ምሰሶ ውስጥ ኤርባግ ያላት መኪና ከሆነች ሽቦው ከኤርባጉ ኋላ ይለፍ፤ ከፊቱ ካለፈ ኤርባጉ ሲፈነዳ ሽቦውንም ካሜራውንም ይወረውረዋል።

ቆማ ስትውል እንዲቀዳ ከፈለጋችሁ ሒሳቡን ሥሩ። ካሜራው 0.3 አምፒር ቢስብ በቀን ወደ 7 አምፒር-ሰዓት ነው። የሦስት ቀን በዓል ከ20 ያልፋል። 70 አምፒር-ሰዓት ያለው ጤነኛ ባትሪ ይችለዋል፤ ያረጀ አይችልም። ናፍጣ ሞተር ደግሞ ለመነሳት ብዙ ጉልበት ነው የሚፈልገው። ቮልቱ ሲወርድ ካሜራውን የሚያጠፋ ኪት አስገጥሙና 12.2 ወይም ከዚያ በላይ ላይ አድርጉት። ሙሉ ባትሪ ያለ ሥራ ሲቆም 12.6 ገደማ ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚጠይቁኝ በዝተዋል። እሷም ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ አላት፤ ካሜራው የሚስበው ከዚያች ነው፤ ሒሳቡ ያው ነው።

«የኋላ ካሜራ ከተገጠመ ሙሉ ነው»

የኋላ በር ላይ መለዋወጫ ጎማ ተሸክማችሁ? ካሜራው ጎማውን ነው የሚቀዳው። ፒስታ ላይ ደግሞ የኋላ መስታወት አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አቧራ ይለብሳል። ለከተማ ይጠቅማል፤ ከከተማ ውጭ ብዙ አትጠብቁበት።

«ካሜራ ካለኝ ጥፋተኛ አልባልም»

ካሜራው የናንተ ጠበቃ አይደለም። ቀይ መብራት ጥሳችሁ ከሆነ እሱንም ቀድቶታል። የሚጠቅመው የት እንደሆነ ለማወቅ የ1952ቱን ፍትሐ ብሔር ሕግ ማየት ይበጃል። አንቀጽ 2084 ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ሁለቱም እኩል እንዳደረሱት ይገምታል፤ ጉዳቱንም እኩል ያካፍላል። ይህ ግምት የሚፈርሰው አደጋው ሙሉ በሙሉ ወይም በዋናነት በአንዱ ሾፌር ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። ቪዲዮው እዚህ ላይ ነው ዋጋው። እግረኛ ከተገጨ ግን «እኔ አላጠፋሁም» ማለት ብቻ ባለቤቱን ነፃ አያወጣውም። በአንቀጽ 2086 ሊረዳ የሚችለው ጥፋቱ የተጎጂው መሆኑን ማሳየት ነው። ቪዲዮ መኖሩ ደግሞ ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ የሚያነሳውን ፕላን፣ ማለትም የአደጋውን ቦታ ንድፍ፣ አይተካም። «ካሜራ አለኝ» ብላችሁ መኪናውን ቀድማችሁ አታንሱ።

«ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ማድረግ ይሻላል»

እኔም እንዲሁ አስቤ ነበር። ካሜራው ግን 24 ሰዓት ነው የሚቆጥረው፤ ማታና ቀን በኛ መንገድ አይለይም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 02:00 ብላችሁ ብትሞሉት ማታ 2 ሰዓት ላይ 14:00 ይላል። ጂፒኤስ ያለው ከሆነ ሰዓቱን ከሳተላይት ስለሚወስድ የሰዓት ክልሉን +3 ላይ ማድረግ ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። የሌለውን በፈረንጅ ሰዓትና ቀን ሙሉት። የውስጡ ትንሽ ባትሪ ስትደክም ደግሞ ዓመቱ ወደ ኋላ ይሄዳልና አልፎ አልፎ እዩት።

ይሄን የተማርኩት ስታዲየም አጠገብ ነው። ማታ 1:30 ላይ አንዱ ከኋላ መጥቶ ገጨኝ። በዚህ ጊዜ ሁሉም ነገር ተቀድቷል፦ ድምፁ፣ ንቅናቄው፣ ሰውየው ወርዶ ፊት ለፊቴ ቆሞ ይቅርታ ሲለኝ። ኩራቴ ሌላ ነበር። ትራፊክ ፖሊሱ ስክሪኑን ጠጋ ብሎ አየው። ጥግ ላይ 13:30 ይላል።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ እንዲህ ጨልሞ ነበር?»