ቆዳን የማስተካከል ቀዶ ሕክምና ለምን «ቆይ» ይባላል?

አዳማ ውስጥ ብዙ ኪሎ ቀንሰው የላላ ቆዳቸውን ለማስወገድ ሐኪም ያማከሩ ሰዎች «መጀመሪያ ክብደትዎ ይርጋ» ሲባሉ የተከለከሉ ይመስላቸዋል። ክልከላ አይደለም። ቆዳው የሚቆረጠው በዕለቱ ባለው ልክ ነው፤ በኋላ ኪሎ ቢቀንሱ ዳግም ይላላል፣ ቢጨምሩ ይለጠጣል፣ ጠባሳውም ሊሰፋ ይችላል። ስለዚህ ክብደቱ ቢያንስ ከ3 እስከ 6 ወር ሳይዋዥቅ መቆየት አለበት። የጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ሕክምና ላደረጉ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ይጠበቃል።

ጊዜውን ተጠቀሙበት። ትንሽ የሚበላ ሰው ፕሮቲንና ብረት ሊያጥረው ይችላል፤ ያኔ ቁስሉ ቶሎ አይድንም። እንቁላልና ምስር አይለያችሁ፣ የደም ምርመራም ጠይቁ። የሚያጨስ ሰው ቢያንስ 4 ሳምንት ቀደም ብሎ ያቁም። የቆዳው እጥፋት ሥር የሚቆስልና የሚሸት ከሆነ ግን ወር አትቁጠሩ፤ እሱ አሁኑኑ መታከም አለበት።