ቢዮዮሚ ምንድን ነው? ለሾጊ ውድድር ፍትሐዊ ሰዓት ስለ መምረጥ

ቢዮዮሚ በጃፓንኛ «ሰከንድ ቆጠራ» ማለት ነው። ሾጊ፣ ማለትም የጃፓን ሰንጠረዥ፣ የሚጫወት ሰው የተሰጠውን ዋና ጊዜ ሲጨርስ ወዲያው አይሸነፍም፤ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ የተወሰነ ሰከንድ፣ ለምሳሌ 30፣ ይሰጠዋል። በጊዜው ከተጫወተ ቆጠራው እንደገና ከ30 ይጀምራል። የተረፈው ሰከንድ አይጠራቀምም፤ ካለፈው ግን ይሸነፋል።

የቢዮዮሚ ጥቅም ሾጊን ከሰንጠረዥ ጋር ስናስተያይ ግልጽ ይሆናል። በእኛ ሰንጠረዥ ጥድፊያው መጀመሪያ ላይ ነው፦ በወረራ ጊዜ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ተራ አይጠበቅም፤ ከዚያ ሰሌዳው እየሳሳ ይሄዳል። በሾጊ የተበላ ጠጠር ከጨዋታ አይወጣም። የበላው ሰው የራሱ አድርጎ ባዶ ቤት ላይ ያስቀምጠዋል። 40ዎቹም ጠጠሮች እስከ ፍጻሜው ስለሚያገለግሉ፣ ከባዱ ስሌት የሚመጣው ጊዜ ባለቀበት ሰዓት ነው። «20 ደቂቃ፣ ካለቀ ተሸነፍክ» የሚል ደንብ ታዲያ ጨዋታውን በእጁ ያስገባውን ሰው ይጥላል፤ ተጋጣሚው ንጉሡን በከንቱ እያስፈራራ ሰዓቱን ያስጨርሰዋል።

በጎንደር ለአንድ ቀን ውድድር እኛ የምንመርጠው 15 ደቂቃ ዋና ጊዜና 30 ሰከንድ ቢዮዮሚ ነው። የተለመደ ጨዋታ 120 ያህል፣ ለአንድ ሰው 60 እንቅስቃሴ ይወስዳል። 15 ደቂቃው በመጀመሪያዎቹ 25 ቢያልቅ፣ ቀሪዎቹ 35 ቢበዛ 17 ደቂቃ ተኩል ይፈጃሉ፤ ለሁለቱ ተጫዋቾች ድምር 65 ደቂቃ። ጨዋታው 200 እንቅስቃሴ ከደረሰ ግን 105 ደቂቃ ይሆናል፤ ዙሩን በዚህ ለኩት። በ3:00፣ በ4:45፣ ከምሳ በኋላ በ7:30 እና በ9:15 ብትጀምሩ አራት ዙር በ11 ሰዓት ያልቃል፤ ከማክሰኝትና ከቆላድባ የመጡትም ሳይመሽ መኪና ያገኛሉ። አምስተኛ ዙር ለመጨመር ቢዮዮሚውን ወደ 10 ሰከንድ ማውረድ አይገባም። ጀማሪ በጠጠሩ ላይ ያለውን የጃፓን ፊደል እስኪለይ፣ የበላውን አንስቶ እስኪያስቀምጥ 10 ሰከንድ ያልቃል። ለጀማሪዎች 60 ሰከንድ ሰጥቶ ዙሩን ወደ ሦስት መቀነስ ይሻላል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የሰዓቱ አሞላል ነው። በየእንቅስቃሴው ጊዜ የሚጨምረው የፊሸር ስልት ከቢዮዮሚ ይለያል፤ የተረፈው ይጠራቀማል። አቤማ የተባለው የጃፓን የኢንተርኔት ቴሌቪዥን በሚያዘጋጀው የሾጊ ውድድር 5 ደቂቃ ተሰጥቶ 5 ሰከንድ የሚጨመረው በዚህ ስልት ነው። 30 ሰከንዱ በስህተት በፊሸር ከተሞላ ጭማሪው ከመጀመሪያው እንቅስቃሴ ይጀምርና የ65 ደቂቃው ጨዋታ እስከ 90 ይደርሳል። ስልክ እንደ ሰዓት ከሆነ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ባትሪው ቀድሞ ይሞላ፤ ጥሪ እንዳይገባበትም የበረራ ሁነታ ላይ ይሁን። ሰዓቱ ጠጠሩን ባንቀሳቀሰው እጅ ብቻ ይጫናል።

ዳኛው ከመጀመሪያው ዙር በፊት ሁለት ነገር ያስታውቅ። ያው አቀማመጥ አራት ጊዜ ከታየ ጨዋታው ቀዳሚና ተከታይ ተቀያይረው እንደገና ይጀመራል፤ ሰዓቱ ግን ከቆመበት ይቀጥላል። ሁለቱም ነገሥታት ወደ ተቃራኒው ሦስት ረድፍ ገብተው ማጥመድ ካልተቻለ ደግሞ ነጥብ ይቆጠራል፦ ሂሻና ካኩ የሚባሉት ሁለቱ ትልልቅ ጠጠሮች አምስት አምስት፣ ሌላው ከንጉሥ በቀር አንድ አንድ።