ክርስቲያን መባል በደሴ

ቃሉ የመጣው ከሩቅ ነው። የክርስቶስ ደቀ መዛሙርት መጀመሪያ ክርስቲያን የተባሉት በአንጾኪያ እንደሆነ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 11 ይናገራል። በአዲስ ኪዳን ውስጥ ስሙ የሚገኘው 3 ጊዜ ብቻ ነው። ደሴ ላይ "እሱ ክርስቲያን ነው" ከተባለ አብዛኛው ሰው የሚረዳው ኦርቶዶክስ መሆኑን ነው። ካቶሊኩም ጴንጤውም ክርስቲያን ነኝ ይላል፤ የሰፈሩ አነጋገር ግን ብዙም አልተለወጠም።

ስሙ የሚገኘው በጥምቀት ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሳሉ። ቀኑ አዳምና ሔዋን ወደ ገነት ከገቡባቸው ቀናት ጋር እንደሚያያዝ መጽሐፈ ኩፋሌን የሚያነቡ ይጠቅሳሉ። ሕፃኑ ከውሃው ሲወጣ ያለቅሳል፣ ሜሮን ይቀባል፣ ማተብ ይታሰርለታል፣ ይቆርባል። ወልደ ሚካኤል ወይም ወለተ ማርያም የሚል የክርስትና ስምም ይወጣል። ይህን ስም ጎረቤት ላያውቀው ይችላል፤ ሲሞት በፍትሐት የሚጠራው ግን በእሱ ነው። ክርስትና ያነሳው ሰው ለልጁ አባት፣ ለወላጆቹ ደግሞ አበልጅ ይሆናል። አበልጅነት እንደ ሥጋ ዝምድና ነው። ማተብም ክር ብቻ አይደለም፤ ቃሉን ያጠፈ ሰው "ማተቡን በጠሰ" ይባላል።

የደሴ ታሪክ ያለ አበልጅነት አይገባም። በግንቦት 1870 ዓ.ም. ከከተማዋ በስተሰሜን ባለችው ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደረገ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ነበሩ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ነበሩ። ክርስቶስ ከአብና ከማርያም ሁለት ጊዜ ተወለደ የሚሉት የሁለት ልደት ሊቃውንት፣ በመንፈስ ቅዱስ ሦስተኛ ልደት አለው ከሚሉት የሦስት ልደት ሊቃውንት ጋር ተከራከሩ፤ የሁለት ልደት ወገን ረታ። "ትክክለኛው ክርስቲያን ማን ነው?" የሚለው የአገር ጥያቄ የተቆረጠው እንግዲህ እዚሁ ደጃፋችን ነው። ወዲያው ተራው የወሎ ሙስሊሞች ሆነ። ክርስትና እንዲነሱ የ3 ዓመት ጊዜ ተሰጣቸው ተብሎ ይጻፋል። ከወሎ ገዥዎች አንዱ ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ክርስትና ያነሷቸው አፄ ዮሐንስ ናቸው። ሌላው ኢማም አባ ዋጠው ኃይለ ማርያም ተባሉ፤ የእሳቸው የክርስትና አባት ምኒልክ ናቸው። ሁሉም በጄ አላለም። የሃይማኖት መሪው ሼህ ጦልሃ አምፀዋል፤ የተሰደደም ብዙ ነው። "ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም" ሆነው የኖሩ እንደነበሩም የዘመኑ ሚሲዮናውያን ጽፈዋል።

ከተማዋን ማን ቆረቆራት የሚለው አከራካሪ ነው፤ ዮሐንስ ናቸው የሚል አለ፣ ሚካኤል የሚልም አለ። ከተማ ያደረጓት ግን ያለ ጥርጥር ሚካኤል ናቸው። አይጠየፍ አዳራሽን ያሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ስሙ ራሱ ማንንም አይጠየፍም ማለት ነው። በ1906 የወሎና የትግራይ ንጉሥ ሆነው ነገሡ። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ደግሞ መስከረም 17 ቀን 1909 ከሥልጣን ሲወርድ ዋናው ክስ ክርስትናውን ትቷል የሚል ነበር። ክሱ እውነት ይሁን የመኳንንቱ ሰበብ እስካሁን ያከራክራል። ደሴ ላይ ሰበብ ነው የሚለው ይበዛል፤ እኔም ወደዚያው አደላለሁ። ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ዘምተው ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተማረኩ።

ከዚያ በኋላ ጣሊያን መጣ፣ ደርግም መጣ፤ ማተቡ ከአንገት አልወረደም።

ዛሬ ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ሥጋ ላይ ነው። ክርስቲያኑ "በስመ አብ" ተብሎ የታረደውን፣ ሙስሊሙ "ቢስሚላሂ" የተባለበትን ይበላል። ስለዚህ የክርስቲያን ሠርግ ሲደገስ ለሙስሊም ጎረቤትና ዘመድ የሚታረደው ለብቻ ነው። አራጁም ሙስሊም ነው፣ ድስቱም ይለያል። የሠርጉ ባለቤት ከዚያ ድስት አትቀምስም። ጨው ይበቃው እንደሆነ የምትጠይቀው ሙስሊሟን ጎረቤቷን ነው።