በጀልባ ወደ ሱንደርባንስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጋንጀስና ብራህማፑትራ የተባሉት ወንዞች ደለላቸውን ተሸክመው የቤንጋል ባሕረ ሰላጤን በሚቀላቀሉበት ስፍራ፣ ባንግላዴሽና ሕንድ የሚጋሩት 10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን የማንግሮቭ፣ ማለትም ጨዋማ ውኃ በሚገባበት ጭቃ ላይ የሚበቅሉ ዛፎች፣ ደን አለ። ሱንደርባንስ ይባላል። የሚጎበኘው በጀልባ ነው፤ ስለ ጉዞው የሚወራው ግን ብዙ ጊዜ ሰውን ያሳስታል።

«ታይገር ካላየሁ ገንዘቤ በከንቱ ወጣ»

እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ በሆነው ቆጠራ በባንግላዴሽ በኩል ያሉት 125 ብቻ ናቸው፤ እነዚህም 6,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚያህል ደን ውስጥ ተበታትነዋል። አብዛኛው ጎብኚ ቢቀናው ጭቃ ላይ የቀረ ዱካ ያያል። እኔን የሚቆጨኝ ግን ታይገር ብቻ ሲጠብቅ ሌላው ሁሉ የሚያመልጠው ሰው ነው። ውኃው ሲጎድል ዳርቻውን ልብ ብላችሁ እዩ፦ ዓሣ ሆኖ ሳለ ጭቃ ላይ የሚዘል ፍጥረት አለ፤ አንዱ መቆንጠጫው ከሌላው እጅግ የገዘፈ ሸርጣን አለ። ጦጣዎች ከዛፍ ላይ የሚጥሉትን ቅጠልና ፍሬ አጋዘኖች ከሥር ይለቅማሉ። ጭንቅላቱ ክብ የሆነው የኢራዋዲ ዶልፊንም ከወንዙ ብቅ ይላል።

«ታይገር ውኃ ስለሚፈራ በወንዙ ላይ ስጋት የለም»

እንዲያውም ጎበዝ ዋናተኛ ነው፤ ሰፋፊ ወንዞችን ይሻገራል። በትልቅ ጀልባ የሚሄድ ጎብኚ ላይ ያለው አደጋ አነስተኛ ነው። ሕይወታቸውን የሚከፍሉት በእግራቸው ወደ ደኑ የሚገቡት ማር ቆራጮችና በትንንሽ ጀልባ የሚሠሩት ዓሣና ሸርጣን አጥማጆች ናቸው። የደኑ ጠባቂ መንፈስ ናት ብለው የሚያምኑባትን ቦንቢቢን ሂንዱውም ሙስሊሙም ሳይለማመናት አይገባም።

«ማንግሮቭ ጥቅም የሌለው ረግረግ ነው»

ጭቃው አየር ስለሌለው ሱንድሪ የተባለው ዛፍ ሥሩን ሽቅብ ልኮ ይተነፍሳል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2007 ሲድር የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመታ የነፋሱንና የማዕበሉን ጉልበት የሰበረው ይኸው ደን ነው፤ ራሱም ክፉኛ ተጎድቷል። ከኋላው ለሚኖሩት መንደሮች ያለ እርሱ ምን መከታ ይኖራቸው ነበር?

«በፈለግሁት ጊዜ እሄዳለሁ»

አይሆንም። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ተመራጭ ነው። በባንግላዴሽ በኩል፣ ዓሣውና አውሬው እንዲራባ ሲባል ደኑ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ይዘጋል፤ በሌላው ጊዜም የደን መሥሪያ ቤቱ ፈቃድና የታጠቀ ጠባቂ ያስፈልጋል። የመነሻ ሰዓቱን ደግሞ ባሕሩ ይወስናል፦ ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ስለሚጎድል፣ ጠዋት የተገባበት ጠባብ ቦይ ከሰዓት በኋላ ጀልባ ላያሳልፍ ይችላል። ስለዚህ ጀልባ ነጂው «አሁን እንውጣ» ሲል አትከራከሩት።