የፍሬን ዘይት መቀየርና አየር ማስወጣት

የፍሬን ዘይት መቀየር ማለት ከማጠራቀሚያው እስከ አራቱ ጎማዎች ያለውን አሮጌ ዘይት አስወጥቶ በአዲስ መተካት ነው። አየር ማስወጣት ደግሞ መስመሩ ውስጥ የገባውን አየር በአየር ማስወጫ ቡሎኖች በኩል ማባረር ነው። ሁለቱም በአንድ መሣሪያና በአንድ አካሄድ ስለሚሠሩ ስማቸው ይምታታል፤ ምክንያታቸው ግን ለየቅል ነው። አየር የሚወጣው ፔዳሉ ስለለሰለሰ ነው። ዘይት ግን ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ቢጠነክርም ጊዜው ሲደርስ ይቀየራል።

ዘይቱ

በልማድ ዘይት ይባል እንጂ ዛሬ በአብዛኛው መኪና ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከግላይኮል የሚሠራ፣ ከውኃ ጋር የሚዋሃድ ኬሚካል ነው። ስሙ ብዙ ሰው አሳስቷል። ማጠራቀሚያው ጎድሎ የሞተር ዘይት የተጨመረበት መኪና ጎሚኒዎቹ (ፈሳሹን የሚያግዱት የጎማ ክፍሎች) በሙሉ ያብጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ማጠብ አያድነውም፣ ጎማ ነክ ክፍሎቹ ሁሉ መለወጥ አለባቸው።

ፈሳሹ እርጥበት ይስባል። ውኃው በጎማ ቱቦዎቹ ግድግዳና በማጠራቀሚያው ክዳን በኩል ቀስ እያለ ይገባል። ፈሳሹ «ዶት» በሚባል ደረጃ ይለያል። ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ 3.7 በመቶ ውኃ ከያዘ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። የዶት 4 ልክ 230 እና 155፣ የዶት 5.1 ደግሞ 260 እና 180 ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ደጋግሞ ሲያዝ ሙቀቱ ካሊፐሩ (ጎማው ላይ ዲስኩን የሚጨብጠው ክፍል) ውስጥ ያለውን ዘይት ያፈላዋል። እንፋሎት እንደ ፈሳሽ ሳይሆን እንደ አየር ስለሚጨመቅ ፔዳሉ ወለል ይነካል፤ መኪናው ግን አይቆምም። ሰው «ፍሬን በጠሰ» ከሚላቸው አደጋዎች ውስጥ ምንም ያልተበጠሰባቸው አሉ።

ሦስቱ ዓይነቶች እርስ በርስ ይቀላቀላሉ፤ ድብልቁ ግን የደካማውን ጠባይ ይወርሳል። ዶት 5 ከሲሊኮን የሚሠራ ስለሆነ ከእነዚህ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም። ቁጥሩ ከ5.1 ጋር መመሳሰሉ ያሳዝናል። በየስንት ጊዜው ይቀየር የሚለው አከራካሪ ነው። በርካታ የአውሮፓ አምራቾች በየ2 ዓመቱ ይላሉ፣ ሆንዳ 3 ዓመት ይሰጣል፤ እስካልጠቆረ አይነካም የሚሉም አሉ። ቀለም ግን ስለ ውኃው መጠን አይናገርም።

ታሪክ

ፈሳሽ ግፊትን በሁሉም አቅጣጫ እኩል እንደሚያስተላልፍ ፓስካል ያሳየው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነበር። ወደ መኪና ያመጣው አሜሪካዊው ማልኮም ሎክሂድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 የዱሰንበርግ ሞዴል ኤ በአራቱም ጎማ የሃይድሮሊክ ፍሬን ይዞ ወጣ። ከቀደሙት ፈሳሾች አንዱ የጉሎ ዘይትና አልኮል ድብልቅ ስለነበር «ዘይት» የሚለው ስም ያን ጊዜ ትክክል ነበር። በመጀመሪያዎቹ ፍሬኖች ፈሳሹን የሚያግደው ቆዳ ስለነበር ይንጠባጠብ ነበር፤ የክራይስለር መሐንዲሶች ቆዳውን በጎማ ተክተው በ1924 መኪናቸው ላይ አዋሉት። ፎርድ እስከ 1939 ድረስ በብረት ዘንግና በገመድ ቆየ። ባለ ሁለት መስመር ማስተር ሲሊንደር (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ክፍል) በ1960ዎቹ ተለመደ፣ ጎማ በፍሬን እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ በዘመናዊ መልኩ በ1978 መጣ።

አሠራሩ

ለአንድ የቤት መኪና 1 ሊትር ያልተከፈተ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ሌላው ዕቃ የታወቀ ነው፦ 8፣ 10 ወይም 11 ቁጥር ዙሪያውን የሚይዝ ቁልፍ፣ ቡሎኑ አፍ ላይ ጥብቅ የሚል ውስጡ የሚታይ ቀጭን ቱቦ፣ ጠርሙስ፣ ትልቅ ስሪንጅ፣ ክሪክ፣ መደገፊያና ለጎማ ታኮ። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር አይገባም።

መጀመሪያ ከማጠራቀሚያው አሮጌው ዘይት በስሪንጅ ተመጥጦ እስከ ላይኛው ምልክት በአዲስ ይሞላል። ይህን ዘሎ በቀጥታ ወደ ጎማ የሚሄድ ሰው አዲሱን ዘይት ከአተላው ጋር ቀላቅሎ በአራቱ መስመር ይልከዋል። ቅደም ተከተሉ በተለምዶ ከማስተር ሲሊንደሩ በጣም ከሚርቀው ጎማ ይጀምራል። ይህ ግን ለሁሉም አይሠራም፤ በብዙ የሆንዳ መኪኖች መመሪያው ከፊት ግራ እንዲጀመር ያዛል። መመሪያው ካለ ክርክር አያስፈልግም።

ቱቦው ቡሎኑ ላይ ይሰካል፣ ሌላው ጫፉ ጠርሙሱ ውስጥ ባለ ጥቂት ንጹሕ ዘይት ውስጥ ይጠልቃል። አንዱ ሰው ፔዳሉን ቀስ ብሎ ረግጦ «ያዝኩ» ይላል። ሌላው ቡሎኑን ሩብ ዙር ይከፍታል፤ ፔዳሉ ይወርዳል፣ ዘይቱ በቱቦው ይሮጣል። ቡሎኑ ከተዘጋ በኋላ ብቻ «ልቀቅ» ይባላል። ቡሎኑ ሳይዘጋ እግር ከተነሳ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። እንደ ቀዘቀዘ ሻይ የጠቆረው ዘይት እየሳሳ ሄዶ ቱቦው ውስጥ ድንገት የማር ቀለም ይታያል፤ ያ ጎማ ደረሰ ማለት ነው። በየስድስት ወይም ስምንት ርግጫው ማጠራቀሚያው ይታያል። አንዴ ከደረቀ አየር ከላይ ይገባና ሥራው ከዜሮ ይጀመራል።

ባረጀ መኪና ፔዳሉን እስከ ወለል መርገጥ አይመከርም፤ የማስተር ሲሊንደሩ ጎሚኒ ለዓመታት ወዳልደረሰበት የዛገ ክፍል ገብቶ ይላጣል። ከፔዳሉ ሥር ቁራጭ ሞራሌ ማስቀመጥ በቂ ነው።

ከላይ በ1 ባር ገደማ የሚገፋ ፓምፕ ለብቻ ለሚሠራ ሰው ጥሩ ነው። ከታች የሚስበው ግን በቡሎኑ ጥርስ ዙሪያ አየር ስለሚጎትት ማለቂያ የሌለው አረፋ ያሳያል፤ ብዙ ሰው ይህን አይቶ ያልተበላሸ ማስተር ሲሊንደር ቀይሯል። የሁለት ሰው አሠራር ምንም ልዩ መሣሪያ ሳይጠይቅ፣ ከመግባባት በስተቀር፣ ከሁለቱም አያንስም።

ቡሎኑ ውስጡ ባዶ ስለሆነ በቀላሉ ይሰበራል፤ በብዙ መኪኖች የሚጠብቀው 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። አልፈታ ካለ የዝገት ማስለቀቂያ ነክሮ ማሳደርና በመዶሻ ቀስ ብሎ መንካት ይሻላል። ሲያበቃ የአቧራ ቆቡ ይመለሳል፣ ሞተሩ ተነስቶ ፔዳሉ ለአንድ ደቂቃ ያህል በኃይል ተረግጦ ይያዛል፣ አራቱም ቡሎኖች ይታያሉ። የፈሰሰው ዘይት የመኪናውን ቀለም ስለሚልጥ ወዲያው በውኃ ይታጠባል።

የሚያጋጥሙ ችግሮች

ፔዳሉ ተረግጦ ሲያዝ ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ፣ ወደ ውጭም የሚፈስ ከሌለ፣ ጥፋቱ የማስተር ሲሊንደሩ የውስጥ ጎሚኒ ነው። ቡሎኑ ተከፍቶ ዘይት ካልመጣ ቡሎኑ ተደፍኗል ወይም የጎማ ቱቦው ውስጡ አብጧል። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ ግን ከታች የሚይዝ ከሆነ የኋላ ታምቡር ሸራ መስተካከል አለበት፤ አየር ማስወጣት አይረዳውም። ኤቢኤስ ክፍሉ ውስጥ የገባ አየር በመመርመሪያ ኮምፒውተር ትዕዛዝ ካልሆነ ላይወጣ ይችላል። እንደ ፕሪየስ ባሉ ሃይብሪዶች በር ሲከፈት የፍሬኑ ፓምፕ በራሱ ስለሚነሳ ያለ ኮምፒውተሩ ባይነኩ ይመረጣል።

ሁለት ሊትር ፈስሶም ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከቀረ፣ በቅርቡም ካሊፐር ተፈቶ ከነበረ፣ ጎንበስ ብሎ ቡሎኑ የት እንዳለ ማየት ነው። አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ቡሎኑ ከካሊፐሩ አናት መሆን አለበት። ከታች ከታየ ግራና ቀኙ ተቀያይረው ታስረዋል፤ ወደየቦታቸው እስኪመለሱ ያ አየር አይወጣም።